አንድ ፊደል የጎደለው ደብዳቤ

ይህ ነገር መጻፍ ይገባው እንደሆነ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ትልቅ ሰው የለበትም፣ ትልቅ ጉዳይም የለበትም፤ ያለው አንድ ኮምፒውተር፣ አንዲት ታይፒስት፣ አንድ ሽማግሌና አንዲት የጎደለች ፊደል ብቻ ናት። ነገር ግን መምህራችን «ስለ ሥራ፣ ስለ ቴክኖሎጂና ስለ እረፍት ያላችሁን አስተያየት ከራሳችሁ ሕይወት ተነሥታችሁ ጻፉ» ብለው አዘውናል። እኔም ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በቅዳሜና እሁድ መርሐ ግብር አንደኛ ዓመት የገባሁ ተማሪ ነኝ፤ የታዘዝኩትን መሥራት እወዳለሁ። አስተያየት ብዬ ብጀምረው ወደ ትዝታ እየሄደ አስቸገረኝ። ከትእዛዙ ወጥቼ እንደሆነ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ትዝታውን የቀሰቀሰው ሽታ ነው። ባለፈው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኮሌጁ የኮምፒውተር ክፍል ስንገባ፣ የሞቀ ፕላስቲክና የአቧራ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው፣ ሳላውቀው በሩ ላይ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን መፍታት ጀመርኩ። ከኋላዬ የነበረችው ወጣት ተማሪ «እማማ ዘነቡ፣ ምን ወደቀብዎት?» አለችኝ። «ምንም፣ ልጄ» ብዬ የጫማዬን ክር መልሼ አሰርኩ። እንዴት ብዬ ላስረዳት? እኔ በወጣትነቴ ኮምፒውተር ያለበት ክፍል በጫማ የሚገባበት አልነበረም። እሷ ኮምፒውተሯን በኪሷ ይዛ ትዞራለች፤ ምሳዋን ስትበላ ከሳህኗ ጎን ታስቀምጠዋለች፤ ወጥ ሲንጠባጠብበት በእጅጌዋ ትጠርገዋለች። እኛ የነበረንን ኮምፒውተር ያየ ሰው ታቦት የሚከበርበት ቤት የገባ ይመስለው ነበር።

ጅማ ያኔ ባጃጅ አልነበራትም። ከፈረንጅ አራዳ ሰፈር ወደ ከተማዋ መርካቶ የሚወረደው በፈረስ ጋሪ ነበር፤ የፈረሱ ግንባር ላይ ቀይ የክር አበባ ይንጠለጠልበታል። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ሳይነሣ፣ ጸጉሬን ሌሊቱን በቢጉዲን ጠቅልዬ አድሬ፣ ፕሊሴ ጉርድ ከትከሻው ስፖንጅ ካለው ኮት ጋር ለብሼ እወጣለሁ። ከመሥሪያ ቤታችን ማዶ ከነበረችው ሻይ ቤት ቦምቦሊኖ በሃያ አምስት ሳንቲም ገዝቼ በጋዜጣ ቁራጭ ይዤ እገባለሁ፤ ዘይቱ የጋዜጣውን ፊደል ጣቴ ላይ ያትመዋል። የካሴት ሻጩ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ፣ አንዱን ዘፈን ከሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት እየደጋገመ ያጫውተዋል። እኔም ሳላውቀው የጽሕፈት መኪናዬን የምመታው በዚያ ዘፈን ምት ነበር። ፈጣን ዘፈን የወጣ ሳምንት ብዙ ደብዳቤ ይወጣል ብላ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ፋጡማ ትቀልድብኝ ነበር። ማታ ማታ ከሥራ ስንወጣ ከፋጡማ ጋር የዘይቱን ፍሬ እየገመጥን በእግር እንዞራለን። እሁድ ከሆነ ደግሞ ጉማሬ ሊታየን ይችላል ብለን እስከ ቦዬ ሐይቅ እንሄዳለን። ጉማሬው ብዙ ጊዜ አይወጣም፤ እኛ ግን ቁጭ ብለን ስንስቅ እናመሻለን። ዛሬ ልጆቹ እረፍት ሲሉ ስልክ ላይ መቀመጥ ማለታቸው ነው። አልፈርድባቸውም፤ የእኛም እረፍት የማይወጣ ጉማሬ መጠበቅ ነበርና።

እኔ የአማርኛ ታይፒስት ነበርኩ። አሥራ ሁለት ዓመት አንድ መኪና ላይ ሠርቼ፣ የእያንዳንዱ ፊደል ቦታ ጣቴ ውስጥ ገብቶ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ አራት ካርቦን ያለበት ደብዳቤ ያለ ስህተት እጨርሳለሁ። መሥሪያ ቤታችን ሥራውን ወደ ኦሮምኛ ሲያዞር ደብዳቤዎቹ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመሩ። የቁቤውን የሚጽፍ ሌላ ልጅ ስለነበር እኔ ከአዲስ አበባ ጋር የምንጻጻፈውን ይዤ በሰላም ቆየሁ። በኋላ ያ ልጅ ወደ ናዝሬት ተዛወረ። በዚያው ሰሞን በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ኮምፒውተር መጣ። ኃላፊያችን አቶ ጉተማ ሠራተኛውን ሰብስበው፣ አሁን መሥሪያ ቤቱ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ጸሐፊ ብቻ እንደሚኖረው ነገሩን። «የሦስት ወር ሙከራ ይኖራል» አሉ ወደ እኔ እያዩ። «ወይዘሪት ዘነቡ ኮምፒውተሩንም ቁቤውንም እስከ ሰኔ መጨረሻ ከቻለች ቦታው የእሷ ነው። ካልቻለች ሰኮሩ የዕቃ ግምጃ ቤት ክፍት ቦታ አለ።»

ከጅማ የሚርቀው ሰኮሩ ክፉ አገር ሆኖ አይደለም። እናቴ ግን እግሯን ታምማ ያለ እኔ ከአልጋ የማትወርድበት ጊዜ ነበር፤ ሌላ ልጅም የላትም። እሷን በመኪና መንገድ ዳር ወዳለ የኪራይ ቤት መውሰድም፣ ትቻት መሄድም አልችልም። ስለዚህ ሥራውን መልቀቅ ማለት ነበር። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ፋጡማ ግን አትጨነቅም፤ «አይዞሽ፣ እንደ ሰው አፍ አለው እንዴ? መኪና ነው፤ ትመቺዋለሽ፣ ይጽፋል» አለችኝ።

ለኮምፒውተሩ አንድ ክፍል ተለቀቀለት። ፋጡማ የዳንቴል ልብስ ሠራችለት፤ ለማያው አንድ፣ ለፕሪንተሩ አንድ። በሩ ላይ «ጫማ አውልቁ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። አቧራ ይገድለዋል ተብሎ ነበርና ኃላፊውም ሳይቀሩ በካልሲ ነበር የሚገቡት፤ የአቶ ጉተማ ካልሲ አውራ ጣቱ ላይ የተቀደደ መሆኑን መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ያወቀው በዚያን ጊዜ ነው። አቶ ጉተማ «ይህ ማሽን የቀኑን ሥራ እስከ ስድስት ሰዓት ይጨርስልናል፤ ከሰዓት በኋላ እናርፋለን» ይሉ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ኮምፒውተር ከመጣ ወዲህ ከሰዓት በኋላ አርፌ አላውቅም። ድሮ ደብዳቤ አንዴ ከተጻፈ ተጻፈ ነው። አሁን ማስተካከል ቀላል ስለሆነ ሁሉም «እዚህ ጋ አንዲት ቃል ብቻ» እያለ ይመለሳል።

ስህተቱን የሠራሁት በሁለተኛው ወር ላይ ነው። አባ ቢያ የሚባሉ የሰርቦ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሐጅ አድርገው የተመለሱ፣ ልጆች ቁርአን የሚያስቀሩ፣ ማለትም ንባቡን የሚያስተምሩ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ የተከበሩ ሰው። ሰቃ ላይ ሁለት ባለ ቡናዎች በድንበር ተጣልተው ለሁለት ዓመት ሳይነጋገሩ ስለቆዩ፣ መሥሪያ ቤታችን አባ ቢያ ሄደው እንዲያስታርቁ ጠየቀ። የማስተዋወቂያ ደብዳቤም ረቂቁ በእጅ ተጽፎ ወደ እኔ መጣ። ረቂቁን ሳየው በየቃሉ አንድ ፊደል ሁለት ሁለት ጊዜ ተጽፏል። አሥራ ሁለት ዓመት ጣቴ የተማረው፣ አንድ ፊደል ሁለት ጊዜ መምታት ስህተት መሆኑን ነው። የአማርኛ መኪና ላይ እጅ ሲንቀጠቀጥ የሚመጣ ነገር ነው፤ ወረቀቱን ቀይረሽ እንደገና ትጽፊያለሽ። ኦሮምኛ ሰፈሬ ውስጥ ከልጅነቴ ጀምሮ እናገራለሁ፣ በቁቤ ማንበብ ግን ገና ፊደል እየቆጠርኩ ነበር። ስለዚህ ረቂቁን የጻፈው ሰው ቸኩሎ ነው ብዬ አዘንኩለትና፣ ድግሙን ሁሉ አንድ በአንድ አውጥቼ ንጹሕ አድርጌ ጻፍኩት። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። አቶ ጉተማም ስብሰባ ይዘው ስለነበር ሳያነቡ ፈረሙ።

ረቂቁ ላይ አባ ቢያ «ዱጋ ዱበታ» ይል ነበር፤ እውነት ይናገራል ማለት ነው። በቁቤ የ«ዱጋ» መጨረሻ ሁለት «አ» አለው፤ ድምፁ የሚሳበው በዚያ ነው። አንዱን ስታወጪው «ዱገ» ይሆናል። «ዱገ» ማለት ደግሞ «ይጠጣል» ነው። እኔ ለሰቃ ሰው የላክሁት ደብዳቤ ሐጂ አባ ቢያ «ይጠጣል፣ ይናገራል» የሚል ነበር።

በሳምንቱ ሐሙስ፣ በገበያ ቀን፣ አቶ ጉተማ ጠሩኝ። ፊታቸው ጠቁሯል። «ከሰቃ ስልክ ተደውሎልኝ ነበር» አሉ። «የደወለው ሰውዬ ለረጅም ጊዜ መናገር አልቻለም፤ ይስቅ ነበር። የሚስቀው በእኛ ነው፣ ወይዘሪት ዘነቡ። ሙከራው እዚህ ላይ ማብቃት ያለበት ይመስለኛል።»  ለመውጣት ዞር ስል በሩ ተከፈተና፣ ነጭ ጥምጥም ያሰሩ፣ ከዘራ የያዙ ረጅም ሽማግሌ ገቡ።

«አሰላሙ ዓለይኩም። ጉተማ፣ አካም ጅርታ? ደህና ነህ?» አሉ። «ሰባ ዓመት አንድ ጠብታ ሳልቀምስ ኖሬ በአንድ ወረቀት ያሰከረችኝ ልጅ የት ናት?»

አቶ ጉተማ ከወንበራቸው ተነሡ። እኔ መሬቱን እያየሁ «እኔ ነኝ፣ አባባ። ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«አንቺ ነሽ? ማሻአላህ! መካ ደርሶ የመጣ ሰውዬ በአንድ ምት?» አሉና ሳቃቸው ፈነዳ። «ሰቃ ላይ ሰው ሁሉ ዛፍ ሥር ተሰብስቦ አንዱ ጎበዝ ደብዳቤውን ጮክ ብሎ አነበበው። ‹አባ ቢያ ይጠጣል፣ ይናገራል›።  ከዚያ አንደኛው ጠበኛ ብድግ ብሎ ‹ሲጠጣ ብቻ የሚናገር ሽማግሌ አመጣችሁብን?› አለ። ሁለተኛው፣ ጠላቱ፣ ሳቅ አሸንፎት የሚደገፈው ሲያጣ የዚያኑ ሰው ትከሻ ያዘ! ወላሂ፣ ሁለት ዓመት ያልተነካካ ሰው። ከዚያ በኋላ እኔ ምን ሥራ አለኝ? ታርቀው ዋሉ።» ወደ እኔም ዞረው «ደግሞ ‹ይጠጣል› ብለሽ ለምን ተውሽው? ‹ቡና› የሚል ብትጨምሪበት ኖሮ ሙሉ እውነት ይሆን ነበር» አሉኝ።

አቶ ጉተማ ግን አልሳቁም። «አባባ፣ የመሥሪያ ቤቱ ክብር ነው። እርምጃ እንወስዳለን» አሉ።

«ቆይ፣ ጉተማ። የተበደለው ማነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«በእኛ ሥርዓት ካሳውን የሚጠራው ማነው? ኃላፊው ነው ወይስ የተበደለው?»

አቶ ጉተማ የሊሙ ልጅ ናቸው፤ ሥርዓቱን ያውቁታል። «የተበደለው ነው» አሉ።

«ኤዬ፣ አዎን። እንግዲህ ልጥራ።» አባ ቢያ ተቀመጡና ወደ እኔ ዞሩ። «መጀመሪያ ንገሪኝ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እንዴት ነው የጎደለው? እጅሽ ስቶ ነው?»

«አይ አባባ» አልኩ፣ መዋሸት ስላልቻልኩ። «ሁለት ሁለት ሆኖ ሳየው ስህተት መስሎኝ፣ ንጹሕ እንዲሆን ብዬ አወጣሁት።»

አቶ ጉተማ ራሳቸውን ያዙ። «ሆን ብለሽ? ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«አየህ» አሉ አባ ቢያ ደስ ብሏቸው፣ «ሰነፍ አይደለችም፤ አልሰማችም እንጂ። ካሳዬ ይህ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ለገበያ ስመጣ ይህች ልጅ ግማሽ ሰዓት ትሰጠኝ። እኔ ቃል እላለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ልብሷ እስኪርስ አሠራታለሁ።»

«አባባ፣ እርስዎ ቁቤ ያውቃሉ?» አሉ አቶ ጉተማ።

«አላውቅም። ኦሮምኛ ግን አውቃለሁ።»

አቶ ጉተማ እምቢ ማለት አልቻሉም። ግን አንድ ነገር አስገቡበት፦ በሰኔ መጨረሻ ራሳቸው የሚጽፉትን ረቂቅ ያለ አንድ ፊደል ጉድለት ካልጻፍኩ፣ ሰኮሩ እንደ ሰኮሩ ነው።

የመጀመሪያው ሐሙስ አባ ቢያ ከኮምፒውተሩ ክፍል በር ላይ ደርሰው ወረቀቱን አስነበቡኝና፣ ጫማቸውን ሳያቅማሙ አወለቁ። «መስጊድ ነው እንዴ ይሄስ?» አሉ። ከዚያ ዳንቴሉን ገልጠው ማሽኑን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «ይሰማል?»

«አይሰማም፣ አባባ።»

«እንግዲያውስ የሚሰማው በአንቺ ነው።»

ያስተማሩኝ ዘዴ ቁርአን ሲያስቀሩ የሚሠሩበት ነበር። ቁርአን ሲቀራ ድምፅ የሚሳብበትና የማይሳብበት ቦታ ይለያያል፤ ልጆቹ እንዳይሳሳቱ ጣታቸውን እያጠፉ ይቆጥራሉ። «ሳይሳብ አንድ ጣት፣ ሲሳብ ሁለት ጣት» አሉኝ። ቃሉን ይሉልኛል፤ እኔ ጭኔ ላይ ጣቴን አጥፌ እቆጥራለሁ፤ ከዚያ የቆጠርኩትን ያህል እመታለሁ። አንድ ጣት አንድ ምት፣ ሁለት ጣት ሁለት ምት። ለካ ኦሮምኛውን ጆሮዬ ድሮም ያውቀዋል፤ የማታውቀው ጣቴ ነበረች። አሥራ ሁለት ዓመት «አትድገሚ» የተባለችን ጣት «ድገሚ» ማለት ቀላል አይደለም። ፋጡማ በበሩ ስታልፍ «ዘነቡ፣ ኮምፒውተር ልትማሪ ገብተሽ ቁርአን ልትጨርሺ ነው!» ትለኛለች። ነገሩን ለእናቴ ስነግራት ትንሽ አሰበችና «ጎበዝ አስተማሪ ከሆኑ ምን ቸገረኝ፤ ደመወዛቸው ግን ምንድን ነው?» ብላ በየሐሙሱ የሽምብራ ቆሎ በፌስታል ቋጥራ ትልክላቸው ጀመር። እሳቸውም የዘይቱን ፍሬ በዘንቢል ይዘው ይመጣሉ። ክፍሉ ውስጥ መብላት ክልክል ስለነበር በረንዳው ላይ፣ የሰኔ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ጫማችንን ሳናደርግ እንበላለን።

አንድ ቀን «አባባ፣ ይህ ማሽን ሥራችንን የሚወስድብን አይመስልዎትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ቆሏቸውን እያኘኩ አሰቡ። «ሰርቦ ላይ መጀመሪያ የቡና መፈልፈያ መኪና ሲመጣ ሴቶቹ እንደዚህ ብለው ነበር» አሉ። «የመውቀጡን ሥራ ወሰደው፣ እውነት ነው። ነገር ግን ሙቀጫው ላይ ይነግሩን የነበረውን ወሬ አብሮ ወሰደው፤ እኔን የቆጨኝ እሱ ነው። አንቺ ሥራውን ይውሰደው፤ ወሬውን እንዳትሰጪው።» ይህን አስተያየት በፈተና ላይ ቢጠይቁኝ የምጽፈው እንዳለ ነው።

የሰኔ መጨረሻ ደረሰ። አቶ ጉተማ የራሳቸውን ረቂቅ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፈው ሰጡኝ። «እንዳለ!» አሉ። «አትጨምሪ፣ አትቀንሺ። አንዴ ቀንሰሽ ያመጣሽውን አይተናል።» ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። እየቆጠርኩ፣ በልቤ እያነበብኩ፣ ጣቴን እያጠፍኩ ግማሽ ድረስ ወረድኩ። ደብዳቤው የሚሄደው ለመሬት ጽሕፈት ቤት ነው፤ በኦሮምኛ «ዋጅራ ለፋ»። ረቂቁ ላይ ግን የ«ለ» ድምፅ ሁለት «አ» ተጽፎለታል። ጣቴን አጠፍኩ፤ አንድ ብቻ ነው የሚፈልገው። እንደገና ቆጠርኩ። ሁለት ከተጻፈ «ላፋ» ነው የሚሆነው፣ «ደካማ» ማለት ነው። ኃላፊዬ ለ«ደካማው ጽሕፈት ቤት» ደብዳቤ እየጻፉ ነበር።

እጄ ቆመ። እንዳለ ብጽፈው የታዘዝኩትን ፈጽሜያለሁ፤ ሊወቅሱኝ አይችሉም። ባወጣው ደግሞ የተከሰስኩበትን ያንኑ ጥፋት፣ በዚያው በፈተናው ቀን ደገምኩት ማለት ነው። የእናቴ እግር ትዝ አለኝ። ሰኮሩ ትዝ አለኝ። ቃሉን ድምፅ አውጥቼ ሦስት ጊዜ አልኩት። ጆሮዬ አንድ አለ። አወጣሁት።

አቶ ጉተማ በማስመሪያ መስመር በመስመር እያነጻጸሩ ወረዱ። ግማሹ ላይ ሲደርሱ ማስመሪያው ቆመ። «ይኸው! አንድ ‹አ› ጎድሏል።»

«አዎ፣ አቶ ጉተማ። አውጥቼው ነው።»

«እንደገና? ሆን ብለሽ?»

«ሆን ብዬ። እባክዎ የእርስዎን ረቂቅ ጮክ ብለው ያንብቡልኝ።»

በቁጣ ጀመሩ፤ «ዋጅራ...» አሉ፤ ቃሉ ላይ ሲደርሱ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። ከበሩ ውጭ ፋጡማ ስታዳምጥ ኖሮ ሳቋ አመለጣት። አቶ ጉተማ ረቂቁን አገላብጠው አዩት። መጀመሪያ ጆሯቸው ቀላ፣ ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከዚያ ጠረጴዛውን እየመቱ ሳቁ። ሳቃቸውን ሰምቼ የማላውቅ ሰው ነበሩ፤ እንደ ልጅ ነበር የሚስቁት።

«ደካማ መሆናቸውን ለአንቺ ማን ነገረሽ?» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

«እርስዎ ነዎት የጻፉት።»

«ፋጡማ! ይህን ወረቀት ቅደጂልኝ። ለማንም ብታወሪ ሰኮሩ የምትሄጂው አንቺ ነሽ» አሉ። ከዚያም ወደ እኔ ዞረው፣ «በይ ግቢ፤ የቋሚነትሽን ደብዳቤ ጻፊ። ሌላ የሚጽፍልሽ ሰው የለኝማ» አሉኝ።

እንዲህ ሆኖ የራሴን የቋሚነት ደብዳቤ ራሴ ጻፍኩት። ስሜን በቁቤ ስጽፍ የትኛው ድምፅ እንደሚሳብ ግራ ገብቶኝ፣ ብቻዬን በዚያ ክፍል ውስጥ ስሜን ራሴን ደጋግሜ ጠራሁት። ፕሪንተሩ እየጮኸ አወጣው፤ ወረቀቱ ትኩስ ነበር። አቶ ጉተማ ቆመው አነበቡት፣ ፈረሙበት፣ ማህተሙን አሳረፉበት። የቀረው ከላይ በኩል በእስክሪብቶ የሚሞላው የቀኑ ባዶ ቦታ ብቻ ነበር፤ እሱን እኔ እንድሞላው እስክሪብቷቸውን ሰጡኝ። ጻፍኩ፦ ሰኔ 30 ቀን፣ ረቡዕ።